የጋሼ አንገት

መድረክ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ እያየ፣ አንገቱ ውልቅ ቢልስ?

እማማ ይህን ጥያቄ ከቁርስ ጀምሮ ለስፌት መኪናቸው፣ ለመስኮቱ፣ ለታጠበው ሳህን ሁሉ ሲያቀርቡ አረፈዱ፤ መልስ የሰጣቸው የለም። እሳቸውም መልሱን አያውቁትም። የሚያውቁት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠረጥሩ ኖረው ይኸው እስከ ዛሬ አልተመነጠሩም፤ ስለዚህ ልማዱን የሚተዉበት ምክንያት አልታያቸውም።

ይወልቃል ተብሎ የተፈራው የሰው አንገት አይደለም፤ የኮንትራባስ ነው። የሟች ባለቤታቸው መሣሪያ ነበር፦ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሆደ ሰፊ፣ አራት ወፋፍራም አውታር የተወጠረበት፣ ተጫዋቹ ቆሞ እንደ ወዳጅ የሚያቅፈው ትልቅ እንጨት። ቤቱ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ በዕድሜ ስለሚበልጥ «ጋሼ» ይሉታል። «ጋሼን ፀሐይ እንዳይመታው መጋረጃውን ሳቢው»፣ «ጋሼ ዛሬ ድምፁ ተዘግቷል» ይባባላሉ። አንድ ቀን የታችኛው ፎቅ ጎረቤት እማማ ደረጃው ላይ «ጋሼን ቀስ አድርጊው፣ አንገቱን እኔ ይዤዋለሁ» ሲሉ ሰማች። አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ሐኪም ቤት የሚወርድ መሰላት። ማምሻውን ብርቱካን ይዛ ልትጠይቅ መጣች። በሽተኛው ሳሎኑ ጥግ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ስታገኘው፣ ብርቱካኑን ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገባት። በመጨረሻ ሦስቱ ሴቶች ቁጭ ብለው ልጠው በሉት።

ሦስተኛዋ ሴት የልጅ ልጃቸው ናት፤ አሁን ጋሼን የምትጫወተው እሷ ነች። ስትወለድ ጭብጥ የማትሞላ ስለነበረች «ሚጢጢ» አሏት። ዛሬ በር ስታልፍ ጎንበስ ልትል ምንም አልቀራት፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። እናትና አባቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ናቸው፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለእማማ ቤት ይቀርባል፤ ስለዚህ ከእሳቸው ጋር ትኖራለች። ቁመቷን ከእናቷ ወሰደች፤ መሣሪያውን ከአያቷ ወረሰች። ከመሣሪያው ጋር አንድ ጠባይም አብሮ መጣ።

አያትየው ለሥራ ሊወጡ ሲሉ ጋሼን እቤት ይቃኙትና፣ ድምፁን በጆሯቸው ይዘው፣ አፋቸውን ዘግተው ይወጡ ነበር። አዳራሹ እስኪደርሱ ቃል አይተነፍሱም። ሙሉ ውኃ በብርጭቆ እንደያዘ ሰው ነው የሚራመዱት። «ከተናገርኩ ይፈስብኛል» ይሉ ነበር። ይህ ነገር እማማን ያንገበግባቸዋል፤ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ደህና ዋሉ ተባብሎ፣ ተመካክሮ፣ መንገድ ሲሻገር ግራና ቀኝ እንዲያይ ተነግሮት ነው እንጂ እንደ ተቆጣ ሰው ዝም ብሎ ነው? ስለዚህ ምክራቸውን ሁሉ ለባላቸው ጀርባ ነበር የሚነግሩት። አሁን ደግሞ ለሚጢጢ ጀርባ ይነግሩታል። እሷም እንደ አያቷ ለትልቅ ጉዳይ ስትወጣ ዝም ነው።

ትልቁ ጉዳይ ደግሞ ደርሷል። የከተማው ኦርኬስትራ የኮንትራባስ ተጫዋች አርጅተው ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ቦታቸው ክፍት ነው። እሁድ ከሰዓት ሚጢጢ ከኦርኬስትራው ጋር አብራ ትጫወታለች። መሪው ከወደዷት ቦታው የእሷ ነው፤ ካልወደዷት ተራ የሚጠብቁ ሌሎች አሉ።

ሰኞ ጠዋት ታዲያ ልምምዷን ከመሃል አቆመች። ቃኝታ ሳትጨርስ ድምፁ ይወርድባታል። አውታሮቹ ጣት ከሚረግጥበት ጥቁር እንጨት ላይ ወደ ላይ ተነስተው ቆመዋል፤ ለመጫን ጣት ያማል። ጎንበስ ብላ አንገቱ ከገላው የሚገናኝበትን ቦታ ስታይ ፀጉር የመሰለ ክፍተት አየች። እማማ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። የልብስ ንድፍ ከሚያወጡበት ስስ ወረቀት አንዲት ቁራጭ ቀደዱና ወደ ክፍተቱ ሰደዷት፤ ሰተት ብላ ገባች። ሚጢጢ አንገቱን በስሱ ገፋ ስታደርገው «ቂቅ» አለ። የእማማም ልብ አብሮ ቂቅ አለ።

እንግዲህ የጥያቄው ምንጭ ይህ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ የመጨረሻ ልጃቸው መጣ፤ የሚጢጢ አጎት። ኤሌክትሪሻን ነው፤ ካቻቢቴው ከደረት ኪሱ ወርዶ አያውቅም። ነገሩን ሲሰማ ሳህኑን እንኳ አላስቀመጠም፤ ቆሞ እየጎረሰ አየው፤ ፍርዱንም ወዲያው ሰጠ። የፋብሪካ ኮላ በደንብ አጠጥቶ፣ ከኋላ አንድ ረጅም ብሎን ቢሰድለት፣ ቤቱ ቢፈርስ እሱ አይፈርስም።

እማማ በጋሼና በልጃቸው መካከል ገብተው ቆሙ።

«አባትህ አንገት ውስጥ ብሎን ልትከት ነው?»

«እማዬ፣ አባቴ አይደለም እኮ። እንጨት ነው።»

«እንጨት ከሆነ ለምን ጋሼ ትለዋለህ?»

ልጅየው ጉርሻውን ዋጠ። እማማ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ለሱሪ ወገብ የሚሆን ሰፊ ላስቲክ ከመሳቢያ አወጡና የጋሼን አንገት ደህና አድርገው ጠቀለሉት፤ በላዩ ላይ የባላቸውን ሹራብ ሻርፕ አሰሩለት። ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየችውና እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ጉሮሮውን ያመመው ነው የሚመስለው፤ ትኩስ ነገርስ ሰጥተሽዋል ወይ፣ አለች። ከዚያ አስተማሪዋ የነገረቻትን ተናገረች፦ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለው ቅያስ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግን ሰው አለ፤ ነገ ይዘሽው ነይ ብሏል።

ጋሼን ከደረጃ ማውረድ በዚያ ቤት ሥርዓት አለው። ሚጢጢ ከታች ሆና ክብደቱን ትሸከማለች፤ እማማ ከላይ ሆነው አንገቱን ይይዛሉ። አንገት የመያዝ ሥራ የእሳቸው ከሆነ ቆይቷል፤ ባለቤታቸው ጉልበት ካነሳቸው ጊዜ ጀምሮ ነው። ለማንም አይሰጡም። ሕፃን ሲያዝ አንገቱ ነው የሚያዘው፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። እማማ ስንቱን ልጅና የልጅ ልጅ በእነዚህ መዳፎች ተቀብለዋል፤ የአንዱም አንገት አልተወላገደም። ስለዚህ በሁለት እጃቸው ጭብጥ ያደርጉትና፣ እንዳይወድቅ፣ በየደረጃው ሳብ፣ ሳብ ያደርጉታል። በዚያን ቀን ደግሞ ታማሚ ስለሆነ ከወትሮው አጥብቀው ነበር የሳቡት። ታች ሲደርሱ አጎትየው የሥራ መኪናውን የኋላ በር ከፍቶ ጠበቃቸው፤ ጋሼ በሽቦ ጥቅልሎች መሃል ብርድ ልብስ ላይ ተኛ።

የጠጋኙ ሱቅ ጠባብ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስልም። ውስጡ ግን ቫዮሊን ያለ አውታር፣ ጊታር ያለ ሆድ፣ ከጣሪያው ላይ ደግሞ አንገት ብቻ፣ አንገት ብቻ ተሰቅሏል። እማማ ቀና ብለው አዩና ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ። ሥጋ ቤት የገቡ መሰላቸው። የሙጫና የእንጨት ፍቅፋቂ ሽታ አለ። ጠጋኙ ጎልማሳ ሰው ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይፈልገዋል። ከበሩ ሲገቡ የእማማን እጅ፣ አንገቱን እንዴት እንደጨበጠ፣ ትንሽ ረዘም አድርጎ አየ። ከዚያ ጋሼን ከወፍራም ጨርቅ ላይ አስተኛው።

አውታሮቹን ተራ በተራ አላላ። አንገቱን ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲያደርገው ያ «ቂቅ» ተመልሶ መጣ። ለብ ያለ ውኃ በብሩሽ እያስነካ፣ ስስ ቢላ በክፍተቱ እየሰደደ፣ ቀስ በቀስ ሠራ። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ የዘመድ ቀዶ ጥገና ቆሞ የሚያይ ማን አለ። ከኋላቸው እንደ ረጅም ትንፋሽ ያለ ነገር ሰሙ። ሲዞሩ አንገቱ በጠጋኙ እጅ ላይ ነው፤ ገላው ደግሞ ጨርቁ ላይ፣ ትከሻው መሃል አራት ማዕዘን ጉድጓድ ከፍቶ ተጋድሟል።

ሚጢጢ «እማማ፣ ቁጭ በይ» አለቻቸው። ቁጭ አሉ።

ጠጋኙ ነገሩን አስረዳ። አንገቱ ታች እግር አለው፤ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ ሙጫው ደግሞ ይይዘዋል። የጋሼ ሙጫ ከዕድሜ ብዛት ደርቆ እንደ ቅርፊት ተፈርፍሯል። እንጨቱ ግን ደህና ነው፤ ስንጥቅ የለበትም። አሮጌውን ሙጫ ጠርጎ፣ እግሩ የሳሳበት ጎን ላይ ስስ የእንጨት ሽፋን ለብጦ፣ በአዲስ ሙጫ አጣብቆ በሞርሳ ያስረዋል። ቅዳሜ ይደርሳል። ሙጫውን ከሚሞቅ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ቆርቆሮ አሳያቸው፤ ከቆዳ የተቀቀለ ነው፤ ቀለሙ እንደ ማር ነው።

እማማ ጠየቁ፤ ይህ ሙጫ ለዘለዓለም ይይዛል ወይ? ጠጋኙ አይይዝም አለ። ብዙ ዓመት ይይዛል፤ ከዚያ አንድ ቀን ይለቃል።

አጎትየው ከበሩ ላይ ሆኖ «አላልኳችሁም?» አለ። ኮላ ቢሆን አይለቅም ነበር።

ጠጋኙም አልተቃወመውም። ልክ ነው፣ ኮላ አይለቅም፤ ችግሩም እሱ ነው አለ። መሣሪያው ቢወድቅ፣ ወይ እንጨቱ በደረቅ ወራት ቢኮማተር፣ አንድ ነገር መልቀቅ አለበት። ሙጫው እምቢ ካለ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነው።

እማማ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ሃምሳ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ይህንን አያጣውም። ደንበኛ ሁሉ «ጠንካራ ክር አድርጊልኝ» ይላል። ክሩ ከጨርቁ ከጠነከረ ግን ሰውየው ቁጭ ሲል የሚቀደደው ጨርቁ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ ከተቀደደ ተቀደደ። ክር ከተፈታ ግን እንደ ገና ይሰፋል። ይህን ለልጃቸው ነገሩት፤ አንተም ሱሪህ ስንት ጊዜ ከስፌቱ ተፈታ፣ ጨርቁ ግን ይኸው አለ፣ አሉት። ሚጢጢና ጠጋኙ ሳቁ፤ አጎትየው ሱሪውን ከኋላ በእጁ ዳሰሰ። እማማም ከሰኞ ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሻቸው ሙሉ ሆነ።

ታዲያ ሊወጡ ሲሉ ጠጋኙ ቀለል አድርጎ፣ ማን ነው የሚሸከመው ብሎ ጠየቀ።

እማማ ኮራ ብለው ተናገሩ። አንገቱን እሳቸው፣ ታቹን እሷ። አንድም ቀን አንገቱን ለቀው አያውቁም፤ እንደ ሕፃን ነው የሚይዙት።

ጠጋኙ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ሚጢጢ ጣሪያውን አየች።

«እማማ» አለ ጠጋኙ፣ «ሕፃን አንገቱ የሚደገፈው ስላልጠና ነው። የዚህ ግን ገላው ከባድ ነው። በአንገቱ ሲያዝ ያ ሁሉ ክብደት የሚንጠለጠለው በዚህች እግር ላይ ነው። ሙጫው አርጅቷል፤ እሱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ግን በትከሻውና በወገቡ ቢያዝ ይወዳል።»

እማማ መዳፎቻቸውን አዩ። «እኔ ነኛ» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

መኪናው ውስጥ አጎትየው በመስታወቱ ሁለት ጊዜ አይቷቸው፣ እማዬ አሞሻል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ እሳቸው ዝም ሲሉ ቤቱ ሁሉ ይታመማል። ደረጃውን ከሚጢጢ ጋር ብቻቸውን፣ ባዶ እጃቸውን ወጡ። መሃል ላይ፣ ደረጃው ከሚዞርበት፣ ቆሙ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አስተማሪያችን የመጀመሪያ ትምህርቷ እሱ ነበር። እንዴት እንደሚያዝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ? አፍ የለሽም?»

ሚጢጢ ግድግዳውን ተደገፈች። «አንገቱን ካልያዝሽ እኮ ከቤት አታስወጪኝም ነበር፣ እማማ። አንገቱን ስትይዢ ደግሞ እስከ ታች ድረስ የምትጨነቂው ለእሱ ነው። እኔ አርፌ እወርዳለሁ።»

እማማ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሳቁ ደግሞ ደረጃው ላይ አስቀመጣቸው። ያ ሁሉ ዓመት ጠባቂ ነኝ ሲሉ ለካስ ሲጠበቁ ኖረዋል። የታችኛዋ ጎረቤት በሯን ገርበብ አድርጋ፣ ጋሼ እንዴት ሆኑ አለች። ጋሼ ተኝተዋል አሏት፤ ሐኪሙ ተስፋ ሰጥቷል።

ጥጉ ባዶ ሆነ። ሚጢጢ በትምህርት ቤቱ መሣሪያ እየተለማመደች ስለምታመሽ ቤቱ ጭር አለ። እማማ ሳሎኑን ሲያልፉ ጋሼ የቆመ መስሏቸው ከልምድ ገለል ብለው ይሄዳሉ። ይኼኔ የጋሼን ልብስ ከቁም ሣጥን አወጡ። ወፍራም ሸራ ነው፤ ራሳቸው ሰፍተውለት ነበር። አንገቱ ላይ ሰፊ እጀታ አለ፤ እንዳይለቅ ብለው በድርብ ክር፣ አመላልሰው፣ በመስቀለኛ የሰፉት እጀታ። በዚህ እጀታ ስንቴ አመስግነው ነበር ራሳቸውን። መነጽራቸውን አደረጉና፣ የስፌት መፍቻውን ይዘው፣ ክሩን አንድ በአንድ ፈቱት። ድርብ ስፌት ለመፍታት ለሰፋው ሰው እንኳ ቀላል አይደለም፤ እያጉረመረሙ ፈቱት።

ከዚያ አዲስ ሸራ ዘረጉ። ልክ ለመውሰድ ጋሼ አያስፈልግም፤ የጋሼን ልክ በቃላቸው ያውቁታል፤ ከባላቸው ልክ ቀጥሎ ያልረሱት የእሱን ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ወገቡ ሰርጎድ ያለ፣ ዳሌው ለጋስ። እጀታ አንድ በትከሻው በኩል፣ አንድ በወገቡ አደረጉ። አንገቱ ላይ ምንም። አጎትየው ሲመጣ የመሣሪያ ሣጥኑን በአዲሱ እጀታ አንጠልጥሎ ሳሎኑን ዞረ፤ እጀታው ያዘ። ለእኔም የሥራ ቦርሳ በዚህ ዓይነት ብትሰፊልኝ አለ። አንተ መጀመሪያ ብሎንህን አስቀምጥ አሉት።

ሐሙስ ቀን እግር ጥሏቸው በማተሚያ ቤቱ በኩል አለፉ። እግር ጥሏቸው ነው እንዳይባል ያ ቅያስ ወደ ገበያም፣ ወደ ሐኪም ቤትም፣ ወደ ማንም ዘመድ ቤት አይወስድም። ጠጋኙ አልገረመውም፤ ወንበር ሳበላቸው። ጋሼ በጀርባው ተኝቷል፤ አንገቱ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ሞርሳዎቹ ግራና ቀኝ ጥርቅም አድርገው ይዘውታል። እማማ ብዙ ጠየቁ። አይበርደውም? ቀጥ ማለቱ በምን ታወቀ? ማታ ማታ አይጥ የለም? ጠጋኙ ሁሉንም መለሰ፤ በጥቁር ክር ከአንገቱ ጫፍ እስከ ሆዱ መሃል ለክቶ ቀጥ ማለቱን አሳያቸው። ክሩን ሲያዩ ተረጋጉ፤ ክር እንደማይዋሽ ያውቃሉ። ሲወጡ ጠጋኙ፣ አሁን ሙጫው የሚፈልገው ዝም ብሎ መተውን ብቻ ነው አላቸው። እማማ መንገዱን ሁሉ፣ ለሙጫው ነው ወይስ ለእኔ የተናገረው፣ እያሉ ሄዱ።

ቅዳሜ ጋሼ መጣ። ሚጢጢና አጎቷ አንዱ በትከሻው አንዱ በወገቡ ይዘው አወጡት። እማማ ከኋላ ተከተሉ፤ እጃቸው ሥራ ስለፈታ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው የደረጃውን ብረት ጨበጡ። ሳሎኑ ጥግ ሲቆም፣ ያቺን የንድፍ ወረቀት ቁራጭ ፈልገው አመጡ። በአንገቱና በገላው መጋጠሚያ ዙሪያ ሞከሩ፤ በግራ፣ በቀኝ፣ ከኋላ። አልገባችም። እንደገና ሞከሩ። ሚጢጢ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ጨረስሽ?»

«ቆይ፣ ከኋላ አንዴ።»

ከኋላም አልገባችም። ወረቀቷን ጨምድደው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣሏት።

ሚጢጢ ቃኘችው። አራቱ አውታሮች ሲወጠሩ እማማ የሹራባቸውን ጫፍ ጨብጠው አንገቱ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። ቂቅ የለም። ደጋኑን አንስታ የወፍራሙን አውታር ዝቅተኛ ድምፅ ረጅም አድርጋ ሳበችው። ድምፁ በወለሉ አልፎ በእማማ እግር ገባ። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ ተሰማ። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ እንዲህ ነበር፤ እማማ በየምሽቱ እየተነሱ ብርጭቆዎቹን በጨርቅ ይለያዩ ነበር። ብርጭቆዎቹ መቼ ዝም እንዳሉ እንኳ ልብ አላሉትም። ለካስ ጋሼ ቀስ በቀስ ነው ድምፁ የደከመው፤ ሲንሾካሾኩ እስኪሰሙ ድረስ ማንም አላወቀም። ዛሬ እማማ አልተነሱም። ይንሾካሾኩ አሉ።

እሁድ ሚጢጢ እማማ የሰፉላትን ጥቁር ቀሚስ ለበሰች። እማማ እጅጌውን፣ ጫፉን፣ የጀርባውን ዚፕ አዩ፤ ቁልፍ ባይኖረውም ቁልፉን ጭምር አዩ። አጎትየው ታች መኪናው ውስጥ ይጠብቃል። ጋሼ ለመጨረሻ ጊዜ ተቃኘ። ሚጢጢ ጆሮዋን ወደ አንገቱ አስጠግታ ድምፁን ያዘች፤ ከንፈሯን ገጠመች። ብርጭቆው ሞላ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ አትናገርም።

አዲሱን ልብስ አለበሰችው። አንዱን እጀታ በቀኝ፣ አንዱን በግራ ያዘችና ከፍ አደረገችው፤ ጋሼ ጎኗ ላይ እንደ ልጅ ተቀመጠ። እማማ እጆቻቸው ብቻቸውን ወደ አንገቱ ሊሄዱ ሲሉ ያዟቸው፤ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቷቸው። ምክሩ ግን ምላሳቸው ላይ ተሰልፏል፦ መንገድ ስትሻገሪ፣ ወንበሩ እንዳያዳልጥ፣ ውኃ ጠጪ፣ መሪውን ዓይን ዓይናቸውን አትያቸው፣ ደግሞ ያ አንገት።

ሚጢጢ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዞረችና ወንበሩን በዓይኗ አሳየቻቸው። ወንበሩ ላይ የደጋኑ ረጅም ማኅደር ተጋድሟል። አሮጌው ልብስ ጎኑ ላይ የደጋን ኪስ ነበረው፤ እማማ ስለ እጀታው ሲያስቡ የአዲሱን ኪስ መስፋት ረስተዋል። አሁን ሚጢጢ ደጋኑን የምትይዝበት ሦስተኛ እጅ የላትም። ከዚህ በፊት ጋሼ ለሙዚቃ ሲወጣ እማማ ከታችኛው በር አልፈው ሄደው አያውቁም፤ መኪናው ሲነሳ እጃቸውን አውለብልበው፣ ጭንቀታቸውን ይዘው ነበር የሚመለሱት። ሚጢጢ ወንበሩን አየች፤ አያቷን አየች፤ ወንበሩን አየች። ዓይኗ ውስጥ ሳቅ አለ፤ ከንፈሯ ግን አልተፈታም።

እማማ ሽርጡን ፈቱ። ሻላቸውን ከመንጠቆው አውርደው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ደጋኑን በሁለት መዳፋቸው ከሥር ደግፈው አነሱት፤ ቀላል ነበር፤ አንገትም የለው። ሚጢጢ ቀድማ ደረጃውን ጀመረች፤ እርምጃዋ ለስላሳ፣ ጋሼ የትም ሳይነካ። እማማ የመጀመሪያውን ምክር ሊሰዱት አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ ሙሉ ብርጭቆ ታያቸውና መልሰው ገጠሙት። ደጋኑን ብብታቸው ሥር አድርገው በሩን ሳቡ፣ ቆለፉ፣ መዘጋቱን ሁለት ጊዜ ገፍተው አረጋገጡና፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ከቤት ወጡ።